ለኤልክ አደን ስትዘጋጁ ከሸክሙ ጀምሩ

ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው። ወንዱ 300 ኪሎ ይደርሳል፣ ሴቷም ከ200 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። አጥንቱ ወጥቶ የሚቀረው ንጹህ ሥጋ ከአንዲት ሴት ብቻ 60፣ 70 ኪሎ ይሆናል። ይህን ሁሉ መኪና ከማይገባበት ተራራ ላይ በጀርባው የሚያወርደው ማነው? ዝግጅቴን የጀመርኩት ከዚህ ጥያቄ ነው። ስለ ጠመንጃ የሚያወራ ሞልቷል። ስለ ሸክም የሚያወራ ግን ብዙም የለም።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። እዚህ ሀበሻው ብዙ ነው፤ አዳኝ ሀበሻ ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። ሐሳቤን ስናገር አንዱ ጓደኛዬ «አንተ ሰውዬ፣ ኮስትኮ ሥጋ አለቀ እንዴ?» አለኝ። (በኋላ ሥጋውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።) ኮሎራዶ ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ ያለባት ናት። ቁጥሩ ከሩብ ሚሊዮን ይበልጣል። ከሚታደንበት ተራራ ሰፊው ክፍል የሕዝብ መሬት ስለሆነ ለመግባት ማንንም ማስፈቀድ አያሻም። መሪ ቀጥሮ መሄድም ይቻላል፤ ዋጋው ግን በሺዎች ዶላር ነው፣ ሕጉም አያስገድድም።

ወረቀቱን ቶሎ ልለፈው። ከጃንዋሪ 1, 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ወስዶ ካርድ መያዝ አለበት። ስቴቱ ውስጥ ስድስት ወር የኖረ ሰው የአደን ፈቃዱን በነዋሪ ዋጋ ይገዛል። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ስቴቱ በቁጥር በተለዩ የአደን ክልሎች ተከፋፍሏል። ፈቃዱም የሚሠራው ለተጻፈበት ክልል፣ ወቅትና ጾታ ብቻ ነው። በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች የሚያበራ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ ልብስ ግዴታ ነው፤ ኮፍያውም እንዲሁ። ፈቃዱ በብዙ ክልሎች የሚሰጠው በእጣ ነው፤ እኔ የሴት ኤልክ እጣ ሞላሁ። ብዙው ሰው የሚመኘው ባለ ቀንዱን ስለሆነ የሴቷ እጣ በብዙ ክልሎች ቶሎ ይደርሳል። ቀንድ ደግሞ አይጠበስም።

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። እናቴ በስልክ ስነግራት «የደጋ ልጅ ተራራ ምን ያደርገዋል፣ ልጄ?» ብላ ሳቀች። ሳንባ ግን የትውልድ ቦታ አይጠይቅም። ከዓመታት የመኪና ኑሮ በኋላ 3,000 ሜትር ላይ መቆም ቀልድ አይደለም። እዚያ ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ወለል በሲሶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ከዴንቨር ወጣ ብሎ ያለው ሬድ ሮክስ ቲያትር ደረጃ ላይ አሳለፍኩ። ደረጃው 380 ነው። ሻንጣዬ ውስጥ የ25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ከረጢት አስገብቼ ጀመርኩ፤ ኋላ ሁለት አደረግኩት። ጤፍ ጥሩ ሸክም ነው፤ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፣ እንደ ሥጋ። መውጣቱ የሚፈትነው ትንፋሽን ነው፣ መውረዱ ግን ጉልበትን። ሁለት የመራመጃ ዱላ የገዛሁት ያኔ ነው። ከሁሉ ዕቃ ያላጸጸተኝ ወጪ እሱ ነው።

ከዚያ ካርታው ላይ ቁጭ አልኩ። ስልክ ላይ የሕዝብና የግል መሬትን ለይተው የሚያሳዩ መተግበሪያዎች አሉ፤ እኔ ኦንኤክስን ተጠቀምኩ። የወረቀት ካርታም ያዝኩ፣ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታልና። መጀመሪያ ያደረግኩት ኤልክ ያለበትን መፈለግ አልነበረም። ሥጋ ላወጣበት የማልችለውን ቦታ ሁሉ በቀይ ሰረዝኩ። ከመንገድ በታች ያለ ሸለቆ በሙሉ ተሰረዘ፤ ከዚያ ሥጋ የሚወጣው ሽቅብ ነውና። ከመኪናው ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚርቀውም ተሰረዘ። ከመንገድ በላይ ያለው ቀረ። እዚያ የተገኘ ሥጋ ቁልቁል ይወርዳል። በቀረችው ላይ ነው ኤልክ የፈለግኩት።

ኤልክ ማለዳና ምሽት ሜዳው ላይ ይግጣል። ቀን ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ በተለይ ወደ ሰሜን የዞረው ተዳፋት ጥላውና ቅዝቃዜው ይስማማዋል። ኦገስት ላይ ሄጄ ፋንድያና የመኝታ ቦታ ፈለግኩ። የሰው ዱካ የበዛበትን ተውኩት።

ነፋሱን መማር ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ ወሰደብኝ። ኤልክ ቢያይህ ቆም ብሎ ሊያጣራ ይችላል። ከሸተትከው ግን አለቀ። ጎህ ሲቀድ ቀዝቃዛው አየር ተራራውን ተከትሎ ወደ ታች ይፈሳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቀው ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል። ሲመሽ እንደገና ይወርዳል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ከታች ወይም ከጎን፣ ረፈድ ሲል ከላይ መቅረብ ነው። በትንሽ ጠርሙስ የሕፃን ፓውደር ይዤ በየደቂቃው እርጭ ነበር። ፓውደሩ ወደ ሜዳው ከሄደ እኔ ወደ ኋላ።

ለምግብ በሶ ያዝኩ። እሳት አይፈልግም፣ ቀላል ነው፣ ሆድ ይይዛል፣ ረቡዕና ዓርብም አያስጨንቅም። ዳቦ ቆሎም ነበረኝ። ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ግን ሲቆረጠም ድምፁ ማዶ የሚሰማ ይመስላል።

ጠመንጃው 308 የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው። ተቀምጬ፣ ተንበርክኬና ሻንጣ ላይ አስደግፌ እስከ 200 ሜትር ድረስ ተለማመድኩ፤ ከዚያ በላይ ላለመተኮስም ወሰንኩ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ሌሊቱን በረዶ ጥሎ ሲያነጋ ሴቶቹ ኤልኮች ከጫካው ወጥተው ሲግጡ ከጓደኛዬ ጋር አገኘናቸው። ከ200 ሜትር በጣም ባነሰ ርቀት ላይ ነበሩ፣ አየሩም ወደኛ ነበር። አንድ ጥይት በቃ።

ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃዱ ላይ ያለው ታግ (የታደነው እንስሳ መለያ ወረቀት) ወዲያው ተፈርሞበት ቀን ይጻፍበታል። ከዚያ ቢላ። የኤልክ ቆዳ ወፍራም፣ ጸጉሩም ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በረዶ ላይ ተኝታ እንኳ ውስጧ አይበርድም። ቶሎ ካልተገፈፈ ታፋው ላይ አጥንቱ አካባቢ ያለው ሥጋ ይበላሻል። ሆዷን ሳንከፍት በጎኗ አስተኝተን ከአከርካሪዋ ጀምረን ገፈፍን። የፊት እግሯን ጓደኛዬ ወደ ላይ ሲይዝልኝ እኔ ከሥሩ ቢላ አስገባሁ። እዚያ የሚያያይዝ አጥንት የለም፤ ሥጋ ብቻ ስለሆነ ጥቂት ስትቆርጥ ሙሉው ብልት ተላቆ እጅህ ላይ ይቀራል። የኋላው ይከብዳል፤ ዳሌው መጋጠሚያ ላይ ያለውን ጅማት እስክታገኘው መዳበስ ነው። ከዚያ የጀርባው ሥጋ፣ ከዚያ አንገቱ። ጭቅናውን ከመጨረሻው ጎድን ጀርባ እጅ አስገብቶ ማውጣት ይቻላል። ከዚያ ገልብጠን በሌላው ጎኗ ደገምነው። ቢላው በጸጉሩ ቶሎ ይደንዛል። ሞረድ ከኪስ መጥፋት የለበትም።

ሕጉ አራቱን እግሮች፣ የጀርባውን ሥጋና ጭቅናውን ጥሎ መሄድ ይከለክላል። የጾታዋ ምልክትም ከአንዱ ብልት ጋር እንደተያያዘ መቆየት አለበት። ሥጋውን አየር በሚያስገባ ከረጢት አድርገን ጥላ ሥር ሰቀልን። ከዚያ በየተራ ተሸክመን ወረድን፣ ተመለስን፣ ወረድን። ቁልቁል። ያቺ በቀይ የተሰረዘች ካርታ ዋጋዋን የከፈለችው እዚህ ነው።

ይበላል አይበላም ለሚለው፣ ሰኮናዋ የተሰነጠቀ ነው፣ ታመሰኳለችም። ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ከሚበሉት ተቆጥረዋል። በጥይት መገደሏን በተመለከተ ግን የንስሐ አባቴን አስቀድሜ ጠይቄ ነው የሄድኩት፤ እናንተም ጠይቁ።

ሌላው ጣጣ በሽታው ነው። አጋዘንና ኤልክን እያከሳ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታወቀውም እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ፣ በ1967 ነው። ወደ ሰው ተላለፈ ተብሎ የተረጋገጠ ነገር የለም። ቢሆንም የታመመ እንስሳ ሥጋ እንዳይበላ ይመከራል፤ ማብሰልም አያጠፋውም። ጭንቅላቷን ለምርመራ ሰጥተን ውጤቱ ነጻ ነው እስኪባል ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ አቆየን። ጥሬ ሥጋና ክትፎ ላማራችሁ፣ ከዱር እንስሳ ወፍ የለም። ጥገኛ ትል አለ፣ ሌላም አለ።

እንደ ቅርጫ መደብ አድርገን በእጣ ተካፈልን። ስብ የሚባል ነገር የለውም፤ ለጥብስ ቅቤ በዛ አድርጉለት። ለቋንጣ ግን ወደር የለውም፣ ቶሎ ይደርቃል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ግማሹ ለገና ተቀመጠ።

ለሚቀጥለው ወቅት ማሰብ የሚፈልግ ካለ፣ የእጣው ማመልከቻ ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። እጣ ያመለጠው ደግሞ በአንዳንድ ክልሎች ያለ እጣ የሚሸጥ የወንድ ፈቃድ አለ፤ ሽያጩ ኦገስት ላይ ይጀምራል። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዚያን ዓመት የስቴቱን የአደን ደንብ መጽሔት አውርዳችሁ አንብቡ።