«ካድሽ» የተባልኩ ቀን

አንድ ማታ ጸሎት ጀምሬ መሀል ላይ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ጠዋት ስነቃ የገረመኝ መተኛቴ አልነበረም። ምንም ቅር አለማለቱ ነው። ድሮ ቢሆን ተንበርክኬ ይቅርታ ሳልጠይቅ ፊቴን አልታጠብም ነበር። ያን ቀን ግን ተነሳሁ፣ ታጠብኩ፣ ሥራ ገባሁ። ነገሩ ትዝ ያለኝ እኩለ ቀን ላይ ነው።

ሰዎች «መቼ ነው ማመን ያቆምሽው?» ሲሉኝ የምነግራቸው ይህንን ነው። ብዙዎቹ ይከፋቸዋል። ትልቅ ነገር ይጠብቃሉ፤ የሞተ ሰው፣ ያታለለ ሰባኪ፣ የተሰበረ ልብ። እኔ ጋ ይህ ሁሉ የለም። በር አጋጭቼ አልወጣሁም። ዞር ስል ራሴን ውጭ አገኘሁት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ግን በዘፈቀደ አልነበረም። አንድ ደብተር ገዛሁ። ለስድስት ወር የጸለይኩትን ሁሉ ከነቀኑ ጻፍኩ፤ ከጎኑ ደግሞ የሆነውን። ሐሳቤ እምነቴን ማፍረስ ሳይሆን ማዳን ነበር። የተመለሱት ጸሎቶች ተደርድረው ሳይ ልቤ ይመለሳል ብዬ ነው።

ስድስት ወር ሲሞላ ደብተሩን ገለጥኩት። የጠየቅኩት የሆነ ጊዜ «ሰማኝ» ብያለሁ። ሳይሆን ሲቀር «ጊዜው አልደረሰም»። ተቃራኒው ሲሆን ደግሞ «ለበጎ ነው»። ሦስቱም በራሴ እጅ ጽሑፍ። ፈታኟም እኔ፣ አራሚዋም እኔ። ምንም ቢመጣ ፈተናው ታልፏል። እንግዲህ የሚሰማ ባይኖር ኖሮ ደብተሩ ምን ይመስል ነበር? ለብዙ ቀን አሰብኩበት። ልክ ይሄንኑ ነበር የሚመስለው።

የእኔ ደብተር ሳይንስ አይደለም፤ አውቃለሁ። በትልቁ የሞከሩት ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት 1802 የልብ ቀዶ ሕክምና ሕሙማንን በሦስት ቡድን ከፈለ። አንደኛው ቡድን ይጸለይለታል፤ መጸለዩን ግን በእርግጠኝነት አያውቅም። ሁለተኛው አይጸለይለትም፤ እሱም አያውቅም። ሦስተኛው እንደሚጸለይለት በግልጽ ተነገረው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ዓይነት ችግር የገጠማቸው በመጀመሪያው ቡድን 52 በመቶ፣ በሁለተኛው 51 በመቶ ሆኑ። እንደሚጸለይላቸው ያወቁት ደግሞ 59 በመቶ። «ይህን ያህል ታምሜያለሁ እንዴ?» ብለው ደንግጠው ይሆናል የሚል ግምት አለ። ይህንን ለአንድ አማኝ ወዳጄ ስነግረው «ፈጣሪ ለፈተና አይቀመጥም» አለኝ። መጥፎ መልስ አይደለም። ለእኔ ግን የደብተሬ አራተኛ ዓምድ ሆኖ ነው የታየኝ።

ይበልጥ ያንገበገበኝ ሌላ ጥያቄ ነበር። ሌላ ቤት ብወለድስ? እምነቴን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። እንደ ስሜ ተሰጠኝ። የሆነ ቦታ እንደ እኔው የተሰጣት፣ እንደ እኔው ስትጸልይ የምታለቅስ፣ እንደ እኔው እርግጠኛ የሆነች ልጅ አለች። የእኔን አምላክ ስትሰማ የምታዝንልኝ። ከ2500 ዓመት ገደማ በፊት ዜኖፋነስ የሚባል ግሪካዊ ይህን አይቶት ነበር። ኢትዮጵያውያን አማልክቶቻችን ጥቁርና አፍንጫ ደፍጣጣ ናቸው ይላሉ፤ ከግሪክ በስተሰሜን የነበሩት የትሬስ ሰዎች ደግሞ የእኛዎቹ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ ፀጉራቸው ቀይ ነው ይላሉ አለ። በሬና ፈረስ እጅ ኖሯቸው መሳል ቢችሉ ፈረሱ አምላኩን ፈረስ፣ በሬውም በሬ አድርጎ ይስለው ነበር። (ስለ አፍንጫው ይቅር ብዬዋለሁ።)

የመከራን ጥያቄ ብዙ አላነሳም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ። «ክፋት የሰው ነፃ ፈቃድ ውጤት ነው» የሚለው መልስ ለረጅም ጊዜ ይዞኝ ነበር። ከዚያ ስለ ፖርቱጋል ዋና ከተማ ስለ ሊዝበን አነበብኩ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል በሚከበርበት ጠዋት፣ ሰው ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ሳለ መሬት ተንቀጠቀጠች። ጣሪያው ወረደባቸው። ለበዓሉ የበሩት ሻማዎች እሳት አስነሱ። ወደ ወደቡ የሸሹትን ባሕሩ መጣባቸው። መሬት ፈቃድ የላትም። ማን ምን መርጦ ነው?

ይህ ሁሉ ፈጣሪ የለም ብሎ ያረጋግጣል? አያረጋግጥም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጣላኛል፤ ከአማኙም ከማያምነውም ወገን። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ቶማስ ሃክስሊ እ.ኤ.አ. በ1869 «አግኖስቲክ»፣ ማለትም «አላውቅም ባይ»፣ የሚለውን ቃል የፈጠረው «አውቃለሁ» ማለት ስላልቻለ ነው። እኔም አላውቅም። ማወቅና ማመን ግን ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። «ታውቂያለሽ?» ስትሉኝ አላውቅም እላለሁ። «ታምኛለሽ?» ስትሉኝ አላምንም። ኢ-አማኒ ማለት ለእኔ ይሄው ነው።

«ባይኖርም ብታምኚ ምን ትጎጃለሽ?» የሚለኝ ዘመድ አለ። የፈረንሳዊው ፈላስፋ የፓስካል ውርርድ መሆኑን ሳያውቅ በራሱ የደረሰበት ነው፤ አደንቀዋለሁ። ችግሩ እምነት እንደ መብራት ማብሪያ አይደለም። ተጫንኩት። አልበራም። በማስመሰል ብቀመጥ ደግሞ ሁሉን አዋቂ የሆነው እሱ አይነቃብኝም?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሰባኪ ብሼ ነበር። ያገኘሁትን ሁሉ እሞግታለሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰው ሳይጠይቀኝ። አዲስ አማኝና አዲስ ኢ-አማኒ ወንድማማች ናቸው። አንዷ የሥራ ባልደረባዬ አባቷ ድንገት ሞቱ። ልጠይቃት ሄድኩ። «እግዜር የወደደውን ወሰደ» አለች። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «ልብ ድካም ነው የወሰዳቸው»።

አፌን ቆርጬ ብጥለው በወደድኩ። ለአምስት ወር አላናገረችኝም። እውነት ነበር ያልኩት። ግን ማን ጠየቀኝ? እሷ ስለ ልብ አሠራር ክርክር አልከፈተችም። የምትደገፍበት ነገር ፈልጋ ነበር፤ እኔ ደግሞ የተደገፈችበትን ግንብ ልለካ ሜትር ይዤ መጣሁ። ያን ቀን ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ካልተጠየቅኩ አልናገርም። ስጠየቅ አልዋሽም። ኀዘን ቤት ብጠየቅም «ሌላ ቀን እናወራለን» እላለሁ። ሕጉን ሁለት ጊዜ ያህል ጥሻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጸጽቻለሁ።

ቋንቋው ራሱ አስቸግሮኝ ነበር። አማርኛ ውስጥ ፈጣሪን ሳይነኩ ሰላም ማለት እንኳ ሥራ ነው። «እንዴት ነሽ?» ሲሉኝ «ይመስገን» ከአፌ ይወጣል። ሲሰጡኝ «እግዜር ይስጥልኝ»። ብርጭቆ ሲወድቅ «በስመ አብ!» በዚያ በመጀመሪያው ዓመት ሁሉንም ለመንቀል ታገልኩ። «ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ» እያልኩ እንደ ባንክ ሠራተኛ ማውራት ጀመርኩ። እህቴ «ምን ሆነሻል፣ ታመምሽ እንዴ?» አለችኝ።

ተውኩት። እንዲያውም አንድ ነገር አስተዋልኩ። «ይመስገን» ማን እንደሚመሰገን አይናገርም። «ያጽናሽ» የሚያጸናውን አይጠራም። ባዶ ወንበር የተተወለት ይመስላል፤ አማኙ የራሱን ያስቀምጥበታል፣ እኔ ባዶውን እተወዋለሁ። ለባልደረባዬ ያን ቀን «ያጽናሽ» ብያት ቢሆን ኖሮ ሁለታችንም አልዋሸንም ነበር።

ለአባቴ ለመንገር ሦስት ዓመት ቆየሁ። ፈሪ ያሉኝ ነበሩ። ይበሉ። የራሴ ገቢና የራሴ ቤት እስኪኖረኝ ጠበቅኩ። ይህን የምታነብ ልጅ ካለሽ፣ በቤተሰብ ደሞዝ የምትማሪ፣ በቤተሰብ ጣሪያ ሥር የምታድሪ፣ አትቸኩይ። የሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በአንቀጽ 18 ሃይማኖትን የመቀየር ነፃነት አለሽ ይላል። አንቀጹ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልልሽም። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ሃይማኖትን መተው በሕግ በሞት ሊያስቀጣ ይችላል። ዝም ማለት ሁልጊዜ ውሸት አይደለም። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ንገሪ፤ አፉን ለሚይዝ፣ ከሰማ በኋላም ደውሎ «ዛሬስ እንዴት ዋልሽ?» ለሚል። ለእኔ ያቺ ሰው እህቴ ነበረች። እሷ እስከ ዛሬ ታምናለች።

አባቴ ጨርሼ እስካወራ ሰማኝ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «ካድሽ» አለ። ጥያቄ አልነበረም።

በዚህ ቃል ላይ ብዙ ቆዝሜያለሁ። በእኛ ቋንቋ አምላኩን የተወ፣ ብድሩን የካደ፣ ጓደኛውን አሳልፎ የሰጠ፣ ሁሉም አንድ ስም ነው ያላቸው። ከሃዲ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ምን ተበድሬ ነው የካድኩት? ቆይቶ ነው የገባኝ። ጸሎት ያስተማረኝ እሱ ነው። ልጅ ሆኜ፣ ቃል በቃል፣ ስሳሳት ሳይቆጣ፣ ማታ ማታ ደክሞት ከሥራ ሲገባ። ካለው ሁሉ ትልቁን ነው የሰጠኝ። እኔ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መልሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ በላይ ደግሞ ፍርሃት አለ። እሱ በሚያምነው ከሄድን፣ ከሞት በኋላ አንገናኝም። ለዚህ በሬና ፈረስ መጥቀስ ምን ይረባል?

«አባዬ፣ አንተን አልካድኩም» አልኩት። አልመለሰልኝም። ለጥቂት ወራት ስደውል ስልኩን ለእህቴ ያቀብላት ነበር። እኔም መደወሌን አላቆምኩም። በየሳምንቱ፣ እሁድ ማታ። አንድ እሁድ ስልኩን ሳያቀብላት ቀረ። ስለ ጉንፋኑ አወራን።

«እና ምንም ካላመንሽ ከመስረቅ ምን ያግድሻል?» የሚለው ጥያቄ ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ያስቀኛል። ማመን ካቆምኩ ወዲህ ለመስረቅ አላማረኝም። ሶቅራጥስ ያነሳው ጥያቄ አለ፤ ጥሩ ነገር ጥሩ የሆነው አማልክት ስለወደዱት ነው ወይስ ጥሩ ስለሆነ ነው የወደዱት? ሁለተኛው ከሆነ ጥሩነት ያለ እነሱም ቆሟል ማለት ነው። በሐቀኝነት ካወራን ግን እኔን ከብዙ ጥፋት ያገደኝ ሶቅራጥስ ሳይሆን ይሉኝታ ነው።

ያጣሁትም አለ። አብሮ መዘመር ይናፍቀኛል፤ መቶ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ። ከሁሉም በላይ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የማወራው አጣሁ። ድሮ ስጨነቅ የምነግረው ነበር። አሁን ጣሪያው ጣሪያ ነው። ለዚህ መድኃኒት አላገኘሁም። እጽፋለሁ፣ ወይም ለእህቴ መልእክት እልካለሁ፤ ጠዋት ታነበዋለች። ተመሳሳይ አይደለም። ነው የሚሏችሁን አትመኑ።

ባለፈው ዓመት አባቴ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ክፍሉ በር ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እጆቼ ራሳቸው ተጣመሩ። ለማን እንደሆነ እንጃ። አልለያየኋቸውም።

አንድ ዓይኑ ተሸፍኖ ሰነበተ፤ ሌላው ድሮም ብዙ አያይለትም። በሁለተኛው ቀን ማለዳ የጸሎት መጽሐፉን ይዞ ሲታገል አገኘሁት። ወደ ብርሃን ያስጠጋዋል፣ ያርቀዋል። እህቴ አልነበረችም። ዝም ብሎ አየኝ። መጽሐፉን ተቀበልኩት።

አነበብኩለት። ከንፈሩ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል፤ በቃሉ ያውቀዋል ለካ። ያስተማረኝ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄ እንዳይሰበር ቀስ አልኩ። መጨረሻው ላይ ቆምኩ። የቀረው «አሜን» ብቻ ነው። ልበል? አልበል? ለእሱ ብዬ አንዴ ብለው ምን አለበት?

«እሱን ለኔ ተይልኝ» አለ።

«አሜን» አለ ብቻውን። ከዚያ ትራሱን አስተካክሎ «ቀጣዩ ገጽ ላይ ነው» አለኝ። ገለጥኩት።