የሐይቅ ዳሩን ብጫ መብራት በኤልኢዲ ስንቀይር የሆነው

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ግቢ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገናውን የምሠራው እኔ ነኝ። ከዋናው በር እስከ ውሃው በሚወስደው መንገድ ላይ 18 የመብራት ፖሎች አሉ። ግማሾቹ አጥሩ ጋር ስለቆሙ ውጭ ያለውን የእግረኛ መንገድም ያበራሉ። ሁሉም ባለ 250 ዋት ሶዲየም ነበሩ፣ ያ ከሥሩ ቆመህ ቀዩን ልብስ ከቡናማው የማትለይበት ብጫ ብርሃን።

ፍጆታው ብቻ አይደለም ያስነሳኝ። ያስመረረኝ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የሚሆነው ነው። ሶዲየም አምፖል አንዴ ከጠፋ ሳይቀዘቅዝ መልሶ አይበራም። ስለዚህ መብራት ለአንድ ሰከንድ ሄዶ ቢመጣ እንኳ መንገዱ ለደቂቃዎች ጨለማ ይሆናል፣ ከዚያም ቀስ እያለ ነው የሚደምቀው። ክረምት ላይ ይሄ በአንድ ማታ ሦስት አራቴ ይደርስብናል። ከማታ ሥራ የሚወጡ ሴቶች በስልካቸው መብራት እያበሩ፣ ተያይዘው ሲሄዱ አይቼ ነው ለግቢው ኃላፊዎች ማመልከቻ የጻፍኩት።

ፍጆታውንም ለካሁት። 250 ዋት የሚባለው አምፖሉ ብቻ ነው። ባላስቱ፣ ማለትም ወደ አምፖሉ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ፣ የሚበላው ሲጨመር አንዱ ፖል 280 ዋት ገደማ ይወስዳል። 18ቱ አንድ ላይ 5 ኪሎ ዋት ሆኑ። እኛ አገር ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሆነ በሌሊት 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። በ100 ዋት ኤልኢዲ ወደ 22 ይወርዳል። ይሄን ሲያዩ ብዙም አልተከራከሩኝ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ርካሹን መንገድ ነው። አሮጌው ሶኬት ላይ የሚጠመድ፣ በቆሎ የሚመስል ኤልኢዲ አምፖል አለ፤ ሁለት ገዝቼ ገጠምኩ። አንዱ ወዲያው ተቃጠለ። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ ኢግኒተሩን ከመስመሩ አላወጣሁትም። ኢግኒተር ሶዲየሙን ለማስነሳት በሺህ የሚቆጠር ቮልት የሚተኩስ ዕቃ ነው፣ የኤልኢዲ ድራይቨር፣ ማለትም የመስመሩን ኃይል ለኤልኢዲው አስተካክሎ የሚሰጠው ዕቃ፣ ያንን አይችልም። ሁለተኛውን የሶዲየሙን ዕቃዎች፣ ባላስቱን፣ ኢግኒተሩንና ካፓሲተሩን አውጥቼ የመስመሩን ሁለት ገመዶች (ፌዝና ኒውትራሉን) በቀጥታ ሰጠሁት። በራ፣ ግን በተዘጋው የመስታወት ቤት ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጣና በሁለት ወሩ ደከመ። ከዚያ በኋላ አምፖል መቀየሩን ትቼ ሙሉ ፋኖሱን፣ አምፖሉን ከነቤቱ፣ ነው የቀየርኩት። አሮጌዎቹን ሳወርዳቸው ግማሹ ሆዳቸው የሞተ ትንኝ ነበር። ስለዚህ ውሃም አቧራም የማያስገባውን አይፒ66 መረጥኩ፣ የገመዱን መግቢያም በደንብ አጠበቅሁ።

የቀለሙን ነገር ግን ሳላስብበት ነው የገዛሁት። ሱቁ ውስጥ የነበረው 6500 ኬልቪን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው)፣ ያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ነው። ስድስት ፖል ቀየርኩ። ከሩቅ ሲታይ ቀን መሰለ፣ ሰዉም ወደደው። በሦስተኛው ቀን አጥሩ ጋር ከፖል ሥር ሻይ የሚሸጡት እናት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄን መብራትህን አንሳልኝ» አሉኝ። «ምነው እማማ፣ ደመቀ አይደል?» ስላቸው የሻይ ብርጭቆ አነሱና አሳዩኝ። የሐይቁ ትንኝ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል። በብጫው ጊዜ እንዲህ እንዳልነበረ፣ አሁን ግን ደንበኛ ሁሉ እየሸሻቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ጀበናቸውንና በርጩማቸውን ሰብስበው ወደ ጨለማው ጥግ ሄደው ነበር። እኔ ለሰው ብርሃን ላመጣ ደክሜ ሰውን ወደ ጨለማ እንዳባረርኩ ሲገባኝ በጣም ነው ያዘንኩት።

ትንኝ የሚስበው በተለይ ሰማያዊው ብርሃን ነው። ቀሪዎቹን 12 ፖሎች ወደ ብጫ በሚያደላው በ3000 ኬልቪን ሠራሁ፣ የሳቸውንም ፖል አብሬ ቀየርኩላቸው። ትንኙ ጨርሶ አልጠፋም፣ ሐይቅ ዳር ነውና። ግን ሻዩ ውስጥ መውደቁ ቀነሰ፣ እሳቸውም ቦታቸው ተመለሱ። የተረፉትን ነጮች ከሐይቁ ራቅ ወዳለው ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰድኳቸው።

ሌላው የክንዱ ነገር ነው። የድሮዎቹ ክንዶች ወደ ላይ ቀና ያሉ ናቸው። ሶዲየሙ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ብዙም አያስቸግርም ነበር። ኤልኢዲ ግን ወዳየበት ነው የሚወረውረው። ውሃው ጋር ያሉት ሁለት ፖሎች በቀጥታ ሐይቁን ያዩ ነበርና ማለዳ በታንኳ የሚመለሱ አንድ ዓሣ አጥማጅ «ዓይኔን ይይዘኛል፣ ዳርቻው አይታየኝም» አሉኝ። የፋኖሱን አንገት ፈትቼ ከመሬት ጋር እኩል አስተኛሁት። በፖልና በፖል መካከል የቀረውን ጨለማ ደግሞ ብርሃኑን ወደ ጎን በሚዘረጋ ሌንስ ነው ያቃለልኩት። ልትገዙ ስትሄዱ ዋቱን ብቻ ሳይሆን ሌንሱንም ጠይቁ።

ግንቦት መጨረሻ ላይ መብረቅ መጣ። በአንድ ማታ አራት ድራይቨር አጣሁ። ፋኖሶቹ ውስጥ 10 ኪሎ ቮልት የሚችል መከላከያ ነበረ፣ ግን ስለካው የፖሎቹ ኤርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር፣ ዝጎ ተበጥሷል፣ የመብረቁ ጉልበት መሄጃ አልነበረውም። አዲስ የኤርዝ ዘንግ ቀበርኩ፣ በየፖሉ ግንኙነቱን ለካሁ። ይሄን ሥራ መጀመሪያ መሥራት ነበረብኝ። ፖል ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ኤርዙን ለኩ።

የወረዱትን ሶዲየም አምፖሎች አንድ ወጣት ሠራተኛ ከቆሻሻው ጋር ሊጥላቸው ሲል ደረስኩበት። ውስጣቸው ሜርኩሪ አለ። ሐይቁ ከዚያ ቦታ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም፣ ዓሣውንም የምንበላው እኛው ነን። አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልለን ካርቶን ውስጥ ደረደርናቸው። በአግባቡ የሚረከበን እስኪገኝ መጋዘኑ ውስጥ ቆልፌባቸዋለሁ።