ቆርኬን የሚመልሰው ሣሩ ነው

እ.ኤ.አ. በ1974 ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ላይ ከተያዙት ቆርኬዎች (ቀንዳም ሣር በል የዱር እንስሳት) 120ዎቹ ወደ ነጭ ሳር፣ 90ዎቹ ደግሞ ወደ አዋሽ ፓርክ ተወሰዱ። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር ልቤ ያዝናል። ያን ያህል የዱር እንስሳ ይዞ፣ ጭኖ በሕይወት ማድረስ ትልቅ ሥራ ነው። ግን አዋሽ ላይ መንጋው ሥር አልሰደደም፤ ነጭ ሳርም ላይ እየተመናመነ ሄዶ በጣት የሚቆጠር ሆነ። ዛሬ ይህ የቆርኬ ዓይነት፣ የስዌይን ቆርኬ፣ በደህና አለ የሚባለው ሰንቀሌና ማዜ ፓርክ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ የትም የለም።

እንስሳውን በጠፋበት ቦታ ዳግም ማስፈር ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ማደንዘዣውና ስለ መኪናው ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ጥያቄ ነው፦ መጀመሪያ ያጠፋው ምን ነበር? አሁንስ እዚያው አለ?

በክፉ ቀን የአያቶቻችንን በሬ የፈጀው የደስታ በሽታ ቆርኬውንም አብሮ ፈጅቶታል። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ስለዚህ አንዱ ምክንያት ተነሥቷል። ጠመንጃና የሣር መጥፋት ግን አልተነሡም።

የቆርኬን ፊት ልብ ብሎ ያየ ሰው የሣሩ ነገር ለምን እንደሚያሳስበኝ ይገባዋል። አፉ ረጅምና ጠባብ ነው። በበጋ፣ ሌላው እንስሳ ደረቁን አገዳ አብሮ ሲያግበሰብስ፣ እሱ አፉን በአገዳዎቹ መካከል አስገብቶ የቀረችውን አረንጓዴ የሣር ቅጠል ለይቶ ይነጫል። የዛፍ ቅጠል በል አይደለም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚበላው ያጣል። የነጭ ሳር ሜዳ ስሙን ያገኘው ከሣሩ ነው፤ ያንን ሣር የከብት ግጦሽና ቁጥቋጦ ሲሻሙት ቆርኬው የሚቆምበት አጣ። ነገሩ የተያያዘ ነው፦ ሣሩ ከልክ በላይ ሲጋጥ ለእሳት የሚሆን ደረቅ ነገር አይተርፍም፤ እሳት ካላለፈ የግራር ችግኝ አይሞትም፤ ችግኙ ሲያድግ ሣሩን ያጠፋዋል። ቁጥቋጦውን ቆርጦ መሄድ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መጀመሪያ ሜዳውን ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምት ከግጦሽ ዘግቶ ሣሩን ማስረዘም፣ ከዚያ በበጋው መጨረሻ በቁራሽ በቁራሽ ማቃጠል ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ያቃጠለ ለእንስሳው ምንም አላስተረፈለትም።

ሜዳ መዝጋት ደግሞ በጥበቃ ብቻ አይሆንም። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ለዘመናት ያቆየው በቀሮ ሥርዓት፣ ራሱ ተስማምቶ እየዘጋና እየከፈተ ነው። ከአርብቶ አደሩ ጋር መቼ እንደሚዘጋ፣ በድርቅ ዓመት የት እንደሚከፈት ሳይነጋገሩ እንስሳ ማምጣት ለእኔ ግፍ ነው፤ ለሰውም ለቆርኬውም።

ስለ መያዙ ደግሞ። የሚያዘው በቀዝቃዛው ወቅት፣ ማለዳ ነው፤ የከበደች እንስት አትነካም። ቆርኬ ሲባረር ጡንቻው ይቃጠላል። ረጅም ሩጫ የሮጠ እንስሳ በእግሩ ቆሞ መኪና ላይ ይወጣና ከቀናት በኋላ ይሞታል፤ ሽንቱ ቡና መስሎ ሲወጣ ነገሩ አልቋል። ስለዚህ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ማባረር የለም፤ ካልተሳካ መተው ነው። እንስሳው በማደንዘዣ ሲወድቅ በደረቱ አስተኝቶ ራሱን ከሰውነቱ ከፍ፣ አፍንጫውን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ ነው፤ አለዚያ ያመነዠከው ወደ ሳንባው ይገባል። ዐይኑ ይሸፈናል፣ ሙቀቱ በየአምስት ደቂቃው ይለካል። 41 ዲግሪ ካለፈ ውኃ ይፈሰስበታል፣ የማንቂያው መርፌም ይፈጥናል። ማደንዘዣው ኤቶርፊን ለሰውም ገዳይ ነው፤ የሰው ማርከሻው ተዘጋጅቶ ካልተቀመጠና ሁለተኛ ሰው አጠገብ ካልቆመ ጠርሙሱ አይከፈትም።

ቀንዱ ላይ ደግሞ የተቆረጠ የውኃ ጎማ ይሰካል፣ በፕላስተርም ይታሰራል። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ጨለማ በሆነ አይሱዙ ውስጥ ስድስት ቆርኬዎች ሲንገጫገጩ አንዱ የሌላውን ሆድ እንዳይወጋ የምታደርገው እሷ ናት። ያደገ ወንድ ለብቻው ይጫናል። የመኪናው ግድግዳ ብርሃን በማያሳልፍ ሸራ ይሸፈናል፤ ቀዳዳ ያየ እንስሳ በዚያ ለመውጣት ራሱን ይሰብራል። ለረጅም ጊዜ የሚያረጋጋው ፐርፈናዚን ሥራ እስኪጀምር ግማሽ ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ለመንገዱ ሌላ ፈጣን ማረጋጊያ ካልተጨመረ፣ ጉዞው አልቆ ነው መድኃኒቱ የሚደርስለት።

ሲደርሱ ወዲያው መልቀቅን አልወድም። ተለቀው ወደ መጡበት አቅጣጫ የሚነጉዱና የሚበታተኑ ብዙ ናቸው። በሸራ በታጠረ ሰፊ በረት፣ የአካባቢውን ሣር እየበሉ ጥቂት ሳምንታት ቢቆዩ፣ መንጋውም ይተዋወቃል፣ ውኃውንም ይለምዳል። ከዚያ አጥሩ በአንድ በኩል በሌሊት ይነሣል። ማንም አይነዳቸውም፤ ራሳቸው ይወጣሉ።

ከተለቀቁ በኋላ የሚቆጠረውን በተመለከተ ከብዙ ሰው ጋር አልስማማም። «ከመቶው ዘጠናው በሕይወት አለ» የሚል የሦስት ወር ሪፖርት ለእኔ የሚነግረኝ ስለ ጭነቱ ነው፤ ስለ ቦታው ምንም አይነግረኝም። እናት ቆርኬ ጥጃዋን ሣር ውስጥ ደብቃ ለግጦሽ ትሄዳለች። ሣሩ አጭር ከሆነ ጅብና ቀበሮ ያገኙታል። ስለዚህ የምቆጥረው ከእናቷ ጎን የምትሄደውን፣ ቀንዷ ገና ቀጥ ብሎ የበቀለ የዓመት ጥጃ ነው፤ ቀጥሎም እዚያው የተወለደች እንስት እዚያው ወልዳ እንደሆነ። ይህ ዓመታት ይጠይቃል፤ በጀቱም ከመጀመሪያው ለእነዚያ ዓመታት መያዝ አለበት።