ዛሬ ቤታችን ሊኑክስ ገባ

የድሬ ሙቀት ከቤት አላስወጣ ሲለን፣ እኔና እህቴ አሮጌዋ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት ጫንን። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሲስተም ነው፤ ሚንት ደግሞ አንዱ ዓይነቱ። መጀመሪያ የአባዬን ፎቶዎች ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገለበጥን። ከዚያ ሳንጭነው ከፍላሽ አስነስተን ሞከርነው። ዋይፋዩ ወዲያው ሠራ! ላፕቶፗን የማይከብዳትን፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን የሚንት ዓይነት ነው የመረጥነው፤ ራሟ (የሥራ ሜሞሪዋ) 4 ጊጋባይት ብቻ ናት።

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ሲጀምር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዛሬ እኛ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብለን በነፃ እናወርደዋለን፤ ኮዱን ማንበብም ማሻሻልም ይፈቀዳል። ክራክ (የሚሸጥ ፕሮግራምን ሳይከፍሉ መክፈቻ) ፍለጋ መንከራተት ቀረ። እኔን ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ ይሄ ነው።

ማታ የአማርኛ ኪቦርድ ጨመርንላት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ፣ በአንድ ጣቷ ፊደል እየፈለገች «ሰላም» ብላ ጻፈች። ፕሪንተሩ ግን ገና እምቢ ብሏል። ነገ እሱን እንይዛለን።