ከመተማ ተነስቼ

ዛሬ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነው። ዝናቡም አላሳፈረን። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠቁሮ መጣና የጎንደርን ፒያሳ አጥቦ ሄደ። እናቴ እንደ ልማዷ ባልዲውን አሸንዳው ስር ደቅናለች። ከሩፋኤል ውሃ ጠብ ሳታደርግ ሊጥ አታቦካም። የሰፈሩ ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያሉ ጭቃውን ያንቦጫርቃሉ። መብራት የለም። ምንም የከፋኝ ነገር የለም፣ ግን ዝም ብሎ ሆድ ይብሰኛል። ጳጉሜን ሁሌም እንዲህ ታደርገኛለች። ደመወዝ እንኳን የማይታሰብባት ወር ናት፣ ከእሷ ምን ይጠበቃል?

ትንሿ እህቴ መጥታለች። አምና ይሄኔ ዝናቡ ውስጥ ነበረች። ዘንድሮ በሩ ላይ ቆማ ልጆቹን በስልኳ ትቀርጻለች። «አትወጪም እንዴ?» ብላት «እታለም ደግሞ! ዘጠነኛ ክፍል እኮ ነኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሚኒስትሪ ውጤቷ መጥቷል፣ አልፋለች፣ እልል ብለናል። ትምህርት ቤት በተከፈተ ባልተከፈተበት በዚህ ጊዜ ስምንተኛን ጨርሶ መፈተን ራሱ እልልታ ያንሰዋል። ከዚያ ስልኳን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠችና ጠየቀችኝ።

«ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል?»

አሁን? ገና በር ላይ ሆና? ዘጠነኛና አሥረኛ እኮ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚማረው። ፊዚክሱንም ታሪኩንም አብሮ ይቀምሳል። መለያየቱ አሥራ አንደኛ ላይ ነው። ይህንኑ ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለች፣ «ግን ጓደኞቼ ከአሁኑ መርጠዋል።» ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተዋል፣ ስሙ «ናቹራሎች» ነው። ዩኒፎርም እንኳን ገና አልተሰፋላቸውም። አንዷ «እኔ ሶሻል ሳልሆን አልቀርም» ብላ ብትጽፍ የሳቅ ኢሞጂ ዘነበባት አሉ።

አፌን ከፈትኩ። የሚረባ ምክር ሊወጣኝ ነበር። «እስቲ ሻይ አፍይ» የሚል ወጣ።

እሷ ወደ ማድ ቤት ስትሄድ እኔ ወደ 2002 ሄድኩ።

እኛ አሥረኛ ላይ የምንፈተነው ትልቅ ፈተና ነበር፣ አሁን ቀርቷል። ያለፈ አሥራ አንደኛ ይገባል፣ ፕሪፓራቶሪ እንለው ነበር፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ ይሄዳል። እኔ አለፍኩ። መስከረም ላይ ለምዝገባ ስንሄድ፣ ከጽዱ ስር ሁለት ጠረጴዛ ተቀምጧል። አንዱ ናቹራል፣ አንዱ ሶሻል። የናቹራሉ ሰልፍ የግቢውን አጥር ተከትሎ ሽንት ቤቱ ድረስ ደርሷል። ሶሻሉ ጋ አምስት ወንዶች ቆመዋል፣ ሁለቱ ኮፍያ ያደረጉ። በእኛ ጊዜ ኮፍያ ያደረገ ወንድ ሶሻል ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ዩኒት ሊደሩ መጥቶ ስለ ሰባ ሠላሳ አስረዳን። ያን ሰሞን የመጣ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ሶሻል ይሆናል ተባለ። «ቦታ ያለው እዚህ ነው» አለ ወደ ረጅሙ ሰልፍ እየጠቆመ። እኛም አንጠራጠርም። ጎንደር ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኮሌጁ፣ ማለቴ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተቋቋመው። ስለዚህ በዚህ ከተማ ጎበዝ ልጅ ያላት እናት ሁሉ የነጭ ጋውን እናት ናት፣ ሌላ ሙያ መኖሩን ከሬዲዮ ነው የምትሰማው። እኔ ደግሞ ጎበዝ ነበርኩ። (ነበርኩ አልኩ። ማንም እንዳይከራከረኝ ሪፖርት ካርዴ አለ።)

እና ረጅሙ ሰልፍ ላይ ቆምኩ። አስቤበት አይደለም። አንዷ ጓደኛዬ እዚያ ስለቆመች ነው። «ቦታ ይዤልሻለሁ» አለችኝ። የሕይወት መስመሬ በዚህች ቃል ተወሰነ፣ ታክሲ ውስጥ ወንበር እንደሚያዝ።

የሶሻል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ማን መሰላችሁ? የጂኦግራፊ መምህራችን። አገጩን መዳፉ ላይ ጥሎ። እሱን ሳየው ፊቴን አዞርኩ። ምክንያቱም አሥረኛ ክፍል እያለሁ በየሳምንቱ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ካርታ የሚያስለኝ እኔን ነበር። እሱ ራሱ የኢትዮጵያን ካርታ ጠመኔውን ሳያነሳ ነበር የሚስለው። አንድ ጊዜ ካሳረፈ እስኪገጥም አያነሳም። ሁሌም የሚነሳው ከመተማ ነው። «ሰው ከቤቱ ደጅ ነው የሚነሳ» ይላል። ከመተማ ወደ ታች፣ ጋምቤላ ላይ ወጣ ይልና ይመለሳል፣ ኦሞን ይዞ ሞያሌ፣ ከዚያ ዶሎ፣ ከዚያ ያቺን የኦጋዴንን ሹል ይዞ ወደ ምሥራቅ ይወጣና ዞሮ ወደ ጅቡቲ። እስከዚህ ድረስ እጁ እንደ ውሃ ነው። አፋር ላይ ሲደርስ ግን ይቆማል። ሁሌ። ልጅ ሆኖ የለመደው ካርታ ባሕሩን ይዞ ምጽዋን አልፎ የሚወጣው ነዋ። እጁ ወደዚያ ይስበዋል፣ እሱ ይመልሰዋል። «እዚህ ጋ እጄ ይሳሳታል» ብሎ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ ወደ ግራ አጥፎ በመረብ፣ በሁመራ አድርጎ መተማ ይገባል። ኤርትራ የተለየችው በ1985 ነው፣ እኔ በተወለድኩበት ዓመት። እኔ ሌላ ካርታ አላውቅም፣ ስለዚህ እኔ ስስል እጄ የትም አይቆምም ነበር። «ያንቺ እጅ ትዝታ የለበትም» አለኝ አንድ ቀን። ያኔ እንደ ሙገሳ ነው የወሰድኩት። አሁን ምን ማለቱ እንደነበር እንጃ።

ወደ ሰልፉ ልመለስ። ሁለት ሰዓት ቆሜ ተራዬ ሲደርስ ፎርም ሰጡኝ፣ እስክሪፕቶ የለም። ስንቱ ሲጽፍበት ቀለሙ አልቋል። መዝጋቢዋ «ከእዚያኛው ጠረጴዛ ተዋሺ» አለችኝ። ሄድኩ። መምህሬ ቀና ብሎ አየኝ፣ የያዝኩትን ፎርም አየ፣ ከደረት ኪሱ ሰማያዊ እስክሪፕቶ አውጥቶ ሰጠኝና «መልሺልኝ» አለ። ሌላ ምንም። በእሱ እስክሪፕቶ ናቹራል የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ከኋላዬ ግፊያ ነበር፣ ጓደኛዬም ስትጎትተኝ ነበር፣ እስክሪፕቶውን ሳልመልስ ወጣሁ። ዝም ብሎ ሌብነት ነው እኮ!

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ባዮሎጂ ሸመደድኩ። ኬሚስትሪ እንደ ጎረቤት ሰላም ከመባባል አላለፍንም። ደስ ብሎኝ የተማርኩት ቴክኒካል ድሮዊንግ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም መስመር ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፎርሙ ላይ አንደኛ ሕክምና ብዬ ሞላሁ፣ የደረሰኝ ስታትስቲክስ ሆነ። ይኸው የባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ብር እቆጥራለሁ። ቦታ የያዘችልኝ ጓደኛዬ ሐኪም ሆነች፣ እሰይ፣ የምር ጎበዝ ሐኪም ናት። ከፊታችን የቆመው ልጅ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ኮብልስቶን ሲያነጥፍ ነበር፣ አሁን የስልክ ሱቅ አለው፣ ደልቶታል። ከአምስቱ ሶሻሎች አንዱ ጠበቃ ሆኗል። በየወሩ የባንካችን መስኮት ላይ ይመጣል። ኮፍያውን አውልቋል፣ አናቱ ላይ ፀጉር ስለሌለ አሁን ነበር የሚያስፈልገው። እንድቆጥርለት የሚሰጠኝን ብር ውፍረት ባልናገር ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለትንሿ ብነግራት ምን ትይዛለች? ሶሻል ግቢ ማለቴ ነው? አይደለም። ሒሳብ ፈርተው ሶሻል የሚገቡ ልጆች አሉ፣ ሒሳቡ እዚያም ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ደግሞስ ምርጫ ምን ዋጋ አለው? የ2014 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና፣ ያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠው፣ ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ናቹራሉም ሶሻሉም አብሮ ነው የወደቀው። መውደቁ ላይ ሰባ ሠላሳ አልነበረም።

አባዬን ብትጠይቀው ይሻላት ይሆን? አባዬ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው ዘጠነኛ የገባው። ያኔ ከጁኒየር ወደ ሃይስኩል ሲታለፍ የምር ምርጫ ነበር። አካዳሚክ የሚባል አለ፣ ኮሜርስ አለ፣ እርሻ አለ፣ የእጅ ሥራ አለ፣ ለሴቶች ደግሞ ሆም ኢኮኖሚክስ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ማኅተም ላይ «አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ» የሚል የቀረው ከዚያ ጊዜ ነው፤ ሁሉን በአንድ ግቢ ያስተምር ስለነበር። አባዬ እርሻ ሊገባ ነበር። አያቴ «እርሻውንማ እኔ በነፃ አስተምርህ የለ እንዴ?» ብለው ከለከሉት። ኮሜርስ ገባና ታይፕ ተማረ፣ ጡረታ እስኪወጣ ታይፕ መታ። እስከዛሬ ዜና ሲሰማ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ይጽፋሉ። አሥሩም። አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንደሚጽፍ ላነብ ሞከርኩ፣ ሬዲዮው «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ሲል እሱም ቃሉን ጨርሶ አውራ ጣቱን መታ፣ ክፍት ቦታ።

የሚገርመው፣ የእሱ ዘመን ሥርዓት ተመልሷል። ስድስት፣ ሁለት፣ አራት። እኛ ስምንት ዓመት አንደኛ ደረጃ ተብለን ነው የተማርነው፣ አሁን እንደገና ሰባተኛና ስምንተኛ ለብቻቸው መካከለኛ ደረጃ ሆነዋል። ይህን ስነግረው «ታዲያ ታይፑንስ መለሱት?» አለኝ።

ሻዩ የት ደረሰ?

ወረቀት ፈለግኩ። ቦርሳዬ ውስጥ የተበላሸ የገቢ ደረሰኝ አለ፣ ጀርባው ባዶ ነው። እስቲ እጄ ያስታውስ እንደሆነ ልሞክር አልኩ፣ እስክሪፕቶ ሳላነሳ፣ ጨለም ባለው ሳሎን ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት። ከመተማ ተነሳሁ። ጋምቤላ ላይ ወጣ አልኩ፣ ትንሽ በዛ። ኦሞ፣ ሞያሌ፣ ዶሎ፣ ደህና ነው። ኦጋዴን ላይ ሹሉ ቀረና ድቡልቡል ወጣ። ጅቡቲን አልፌ አፋር ደረስኩ። እና እጄ ቆመ። በእናታችሁ፣ ለምንድን ነው የቆመው? ባሕሩን እኔ አላውቀው፣ አልተማርኩት። ያየሁት የእሱን እጅ መቆም ብቻ ነው። ትንሽ ጠብቄ አጠፍኩና በሁመራ ወረድኩ። መተማ ስደርስ ግን መተማ የለችም። መነሻዬ ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብታ ቆማለች። አልገጠመም።

የመምህሬን እስክሪፕቶ ምን አድርጌው ይሆን? ጡረታ ወጥቷል መሰለኝ። ባገኘው ባወራው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን «መልሺልኝ» ቢለኝስ?

ትንሿ ሻዩን ይዛ መጣች። ቀዝቅዟል፣ ስኳሩን ረስታለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትጻጻፍ ነው። ናቹራሉን ሶሻሉን ረስተነዋል፣ እሷም አላነሳችው፣ እኔም። ደረሰኙን ከእጄ ወሰደችና በስልኳ መብራት አየችው። ገልበጥ አድርጋ ደግሞ አየችው።

«ይሄ ምንድን ነው እታለም? የእንቁጣጣሹ በግ ነው?»