ወረቀቱ ላይ ያልነበረው

እሑድ፣ መጋቢት 14 ቀን 2017። ደብረ ዘይት ነው፤ ጾሙ ተጋምሷል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩ። ትናንት እስከ ማታ የበርበሬ ዛላ ስቀነጥስ ስለዋልኩ ጣቶቼ አሁንም ያቃጥሉኛል። ዓይኔን እንዳልነካ እየተጠነቀቅኩ ነው የምጽፈው።

ከባንክ ከወጣሁ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነኝ። ሰው ሲጠይቀኝ "በርበሬና ሽሮ ጀመርኩ" ብዬ በአጭሩ አልፋለሁ። ረቡዕ ዕለት መርካቶ የገጠመኝ ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለ። እሱን ለመጻፍ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አንድ የግል ባንክ ብድር ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ፋይል መመርመር ነበር። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የስድስት ወር የሒሳብ እንቅስቃሴ፣ የዋስትና ግምት። እነዚህን አይቼ አስተያየት እጽፋለሁ። ሥራዬን እወደው ነበር። ቁጥር ሲገጥምልኝ ደስ ይለኛል። እናቴም ትኮራብኝ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃት "ባንክ ናት" ትላለች፤ የቱ ባንክ እንደሆነ እንኳ አትጨምርም። ለእሷ ያ ቃል ብቻውን ይበቃል።

በ2013 መጨረሻ አንዲት እናት መጡ። ወደ ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል። መርካቶ በርበሬ በረንዳ ነው የሚሠሩት። 300,000 ብር ፈለጉ። ምክንያታቸውን በደንብ አስረዱኝ። በርበሬ የሚሰበሰበው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ያኔ እጁ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው በርካሽ ይገዛል። የሌለው ደግሞ ክረምት ላይ ከሌላ ነጋዴ በውድ ያነሳል። "የጥርን ገንዘብ ብቻ ነው የምለምነው" አሉኝ።

ቤታቸው የቀበሌ ነው። መኪና የላቸውም። የሒሳብ እንቅስቃሴያቸው ቀጭን ነበር፤ አብዛኛው ገንዘብ በእቁብ ነው የሚሽከረከረው። እቁብ ደግሞ በእኛ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም። ተንቀሳቃሽ ንብረት በዋስትና እንዲያዝ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147 በ2011 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር። በሕጉ መሠረት መጋዘን ያለ ሸቀጥም መያዣ ይሆናል። እኛ ጠረጴዛ ላይ ግን ጥያቄው ያው ነበር፤ ቤት አለ ወይ? መኪናስ?

"የቀረበው ዋስትና በቂ አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። ስነግራቸው አልተቆጡም። ፌስታላቸውን እየሰበሰቡ "ልጄ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ብዙ ነገር አለኝ። አንድ ቀን ብቅ ብለሽ እዪው" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። አልሄድኩም።

ስለ እሳቸው ብዬ ባንክ ተውኩ ብል ውሸት ይሆናል። በወሩ ረስቻቸዋለሁ። የለቀቅኩት ሌሎች ነገሮች ተደራርበው ነው። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረቱን ለማርገብ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ምክንያቱ ይገባኛል። ከዚያ በኋላ ግን ቤት ያለውም ሰው ባዶ እጁን መመለስ ጀመረ። ቀኑን ሙሉ "ትንሽ ይታገሡን" ስል እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ እናቴን በርበሬ ሳግዝ እውላለሁ። ዋሽንግተን ላለችው አክስቴ በሰው የምንልከው ነው። በሳምንቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሠራሁ የምለው ያን ቀን ብቻ እንደሆነ እየገባኝ መጣ።

መልቀቅ ቀላል አይደለም። በተለይ ለባንክ ሠራተኛ። የጀሞ ኮንዶሚኒየሜን የገዛሁት በሠራተኛ ብድር ነው፤ ወለዱ ዝቅተኛ ነው። ስትወጪ ወለዱ እንደማንኛውም ደንበኛ ይሆናል። ወርሃዊ ክፍያዬ ከ9,300 ብር ወደ 16,000 ገደማ ወጣ። ሕክምናውም ቀረ። ለጡረታ እኔ 7 በመቶ፣ ባንኩ 11 በመቶ እናዋጣ ነበር፤ እሱም ቆመ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ደምሬ ሦስት ወር ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ኅዳር መጨረሻ ላይ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዬን ጽፌ አስገባሁ።

እናቴ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ቡና ላይ "እኔ ሙቀጫ የወቀጥኩት አንቺ እንዳትወቅጪ ነው" አለች። ይህን ቃል እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። አቅፌያት ዝም አልኩ። በማግሥቱ ግን ጓዳ ገብታ ቅመሞቿን አንድ በአንድ ታሳየኝ ጀመር።

እናቴ የምትመጥነው በእጇ ነው። ኮረሪማ እፍኝ፣ ነጭ አዝሙድ እፍኝ ተኩል፣ ጥቁር አዝሙድ "እስኪበቃው"። ለአንድ ቤት ይህ ይሠራል። ለሽያጭ ግን የዛሬው በርበሬ የዛሬ ወሩን መምሰል አለበት። ስለዚህ እሷ ስትዘግን እኔ ሚዛን ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሃያ ጊዜ ያህል ዘገነች። ሃያውም ተቀራራቢ ነበር፤ ልዩነቱ ከጥቂት ግራም አይበልጥም። ያን ቀን ማታ ብቻዬን ሆኜ አለቀስኩ። ይቺ ሴት ዕድሜ ልኳን "የቤት እመቤት" እየተባለች በየፎርሙ ላይ ተሞልታለች። አንዳንዱን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ሥራው ረጅም ነው። ዛላው ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከዚያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል። ድልዙ ይታፈናል፣ እንደገና ይደርቃል። ቅመሙ ለብቻው ይታመሳል። ሁሉም ተደባልቆ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የበርበሬ ወፍጮና የጤፍ ወፍጮ ለየብቻ ነው። ወረፋ ለመያዝ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እወጣለሁ። መብራት ከጠፋ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እዚያ ስጠብቅ ያወቅኳቸው ሴቶች ናቸው እቁብ ያስገቡኝ። የመጀመሪያውን ትልቅ ግዢዬን የገዛሁት በእነሱ እቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣ አንዷ "አንቺ አሁን ነው የሚያስፈልግሽ" ብላ ተራዋን ለቀቀችልኝ። ስሜን እንኳ በደንብ አታውቀውም ነበር።

ያ ግዢ ግን መጥፎ ሆነ። የካቲት 2016 ነው። ከአንድ ነጋዴ አራት ኩንታል ዛላ አነሳሁ። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ዋጋውም ከሌላው ትንሽ ቀነስ ይላል። ሚዛኑ እንዲከብድ ውሃ ተረጭቶበት ነበር። እኔ መለየት አልቻልኩም። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ደረደርኩት። ግንቦት ላይ ስፈታው መሀሉ ነጭ ሻጋታ ሠርቷል። አንዳንድ ሰው "ፀሐይ አሳዪውና አስፈጪው፣ ማን ያውቃል" አለኝ። ሻጋታ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። ማድረቅም ማስፈጨትም አያጠፋውም፤ ጉበት ይጎዳል፣ ለካንሰርም ይዳርጋል። እናቴ የሻገተውን እየለየች ጣለች፣ እኔም ጣልኩ። ከአራቱ ኩንታል አንድ ኩንታል ተኩል ሄደ። የሴቶቹ የእቁብ ገንዘብ ነው። እቁቡን ለመክፈል የአንገት ሀብሌን ሸጥኩ።

ሌላው ዱቤው ነው። ሱቆችና ሱፐርማርኬቶች ዕቃሽን ተቀብለው ገንዘቡን ከወር ከሁለት ወር በኋላ ይሰጣሉ። የአንዱ ሱፐርማርኬት ቀጠሮ 45 ቀን ነበር፤ ብሩ እጄ የገባው በ90 ቀኑ ነው። እኔ ገበሬውንና ወፍጮ ቤቱን የምከፍለው ግን በእጅ በእጅ ነው። ባንክ ሳለሁ ፋይል ሳገላብጥ "ሽያጭ አለ፣ ገንዘብ የለም፤ አያያዙ ደካማ ነው" ብዬ የጻፍኩባቸው ነጋዴዎች ነበሩ። የገንዘቡ መዘግየት የእነሱ ጥፋት እንዳልሆነ የሚያሳይ መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም። ይህ ነው አሁን ድረስ የሚቆጠቁጠኝ። መጠየቅ እችል ነበር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ዶላሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ወደ መቶው ተሻገረ። በርበሬ የአገር ቤት ምርት ነው፣ አይነካኝም ብዬ ነበር። ማሸጊያው ግን ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው። የማሸጊያ አታሚው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ዋጋ ጨመረ። ያኔ ማሸጊያውን ትቼ ወደ ሰፈር ዞርኩ። ሰው ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ እመዝናለሁ፣ በቴሌብር ይከፍለኛል። ገቢዬ አነስ ይላል። ግን ዕለቱን እጄ ይገባል። የምተነፍሰው በእሱ ነው።

ዘንድሮ ጾሙ ጥሩ ነው። ምጥን ሽሮ ይፈለጋል። የሽምብራ መልቀሙን ሁለት የሰፈር ልጆች ያግዙኛል፤ ደሞዛቸውን በወሩ መጨረሻ ሳስቀር አላውቅም። ለፋሲካ ደግሞ የዶሮ ወጥ በርበሬ ይሄዳል። ለዚያ ነው ረቡዕ ዕለት ዛላ ልገዛ በርበሬ በረንዳ የወረድኩት።

እያስነጠስኩ በከረጢቶቹ መሀል ሳልፍ አየኋቸው። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ዛላ ይለያሉ። ወዲያው አወቅኳቸው። እግሬ አልሄድ አለኝ። ዞሬ ልመለስ አሰብኩ። ከዚያ ቀርቤ ሰላም አልኳቸው። የማረቆ ዛላ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ። ዋጋውን ነገሩኝ። መሸሽ ስላልቻልኩ "እናቴ፣ ያኔ ባንክ ብድር ጠይቀው የመለስኩዎት እኔ ነኝ" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ገና ስትመጪ አውቄሻለሁ እኮ" አሉ። "ያን ቀን ጾም መሆኑን አይተሽ ያለ ወተት ሻይ ያስመጣሽልኝ ልጅ ነሽ።"

እኔ ያንን ጨርሶ አላስታውሰውም።

ይቅርታ ልጠይቅ ጀመርኩ፤ አላስጨረሱኝም። "ቤት የለኝማ። ቤት ለሌለው አትስጪ ብለውሻል፣ ምን ታደርጊ" አሉ። ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ስለ ሻገተው በርበሬ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ከከረጢቱ አንድ ዛላ አወጡና ጆሮዬ አጠገብ ሰበሩት። ቀጭ አለ። ከሌላ ከረጢት ሌላ አወጡ። እሱ ተጣጠፈ እንጂ አልጮኸም። "ይሄንን አትግዢ። ዓይንሽ ይስታል፤ በጆሮሽ ግዢ" አሉኝ። ከረጢቱን እስከ ታች እጄን አስገብቼ መሀሉን እንድዳስስም አሳዩኝ። ቅዝቃዜ ካለው ውሃ አለው።

አንድ ሰዓት ያህል አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስሰብር ቆየሁ። ሰው ይመጣል፣ ይመዝናሉ፣ በቀዩ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ። ደብተሩን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ማን ምን ያህል እንደወሰደ፣ ማን መቼ እንደከፈለ፣ ከ2006 ጀምሮ አለ። ሳይከፍል የቀረ ሰው ቀይ መስመር አለው። በዚያ ሁሉ ገጽ ያየሁት ቀይ መስመር አምስት ወይም ስድስት ቢሆን ነው።

ሦስት ኩንታል ፈልጌ ነበር። ገንዘቤ የሚበቃው ለሁለት ነው። ሁለቱን ይበቃኛል አልኩ። ተሸካሚውን ጠርተው ሦስቱንም አስጫኑ። "የአንዱን ለዳግማይ ትንሣኤ ታመጪዋለሽ" አሉና ብዕራቸውን አነሱ። ስሜን ጠየቁኝ። ስልክም መታወቂያም አልጠየቁኝም።

ደብተሩ ላይ ሲጽፉት አየሁ። የአባቴን ስም ሲደርሱ እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁኝና ፊደሉን ነገርኳቸው።

ሦስቱም ኩንታል ጓዳ ተደርድሯል። ዛሬ በዓል ስለሆነ አልነካውም። ነገ ጠዋት ፀሐይ ከወጣ ሰገነት ላይ እሰጣዋለሁ።