ብሌችሊ ፓርክ ያየሁት ሐውልት

ዛሬ ከልጄ ጋር ብሌችሊ ፓርክ ሄደን ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ይፈቱበት የነበረ ግቢ ነው። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እሷ የመጣችው እዚያ ይሠራ ለነበረው የሒሳብ ሊቅ ለአላን ቱሪንግ ብላ ነው፤ ትምህርት ቤት ስለሱ ነግረዋታል። እኔን ግን አላስኬድ ያለኝ ግቢው ውስጥ ያለ ሐውልት ነው። የተገለጠ መጽሐፍ ይመስላል። የሦስት ፖላንዳውያን የሒሳብ ሊቃውንት ስም ተጽፎበታል፦ ማሪያን ሬየቭስኪ፣ የዢ ሩዢትስኪ፣ ሄንሪክ ዚጋልስኪ።

ሬየቭስኪ የጀርመኖቹን የምስጢር መጻፊያ ማሽን፣ የኤኒግማን፣ የውስጥ ሽቦ አቀማመጥ በሒሳብ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1932 መጨረሻ ነው። ጦርነቱ ገና ሰባት ዓመት ገደማ ይቀረው ነበር። እንግሊዛዊው የምስጢር ጽሑፍ ፈቺ ዲሊ ኖክስ አንድ ነገር አልፈታ ብሎት ቆይቷል፦ ከቁልፎቹ የሚነሱት ሽቦዎች በምን ቅደም ተከተል ነው የገቡት? መልሱ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነበር። በቃ፣ የፊደል ተራ! ሬየቭስኪ ገምቶ ሞከረው፤ ሠራ።

በጁላይ 1939 ዋርሶ አጠገብ፣ ፒሪ ጫካ ውስጥ፣ ፖላንዳውያኑ የደረሱበትን ሁሉ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አስረከቡ።

ቱሪንግ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ከክብሩ ቅንጣት አልቀንስም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሩዢትስኪ በ1942 መርከብ ሰጥሞ ሞተ። ሁለቱ በ1943 እንግሊዝ ሲደርሱ ብሌችሊ እንዲሠሩ አልተደረገም። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሥራ ተሰጣቸው። ሬየቭስኪ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ገብቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ ለዓመታት የቢሮ ሠራተኛ ሆኖ ኖረ።

ልጄ ስሞቹን ጮክ ብላ ለማንበብ ሞከረች። «ሩዢትስኪ» ላይ ምላሷ ተያዘ። ሦስቴ ደጋገመችው። ስንመለስ ባቡር ውስጥ ደብተሯን አውጥታ ከቱሪንግ ስም በላይ ጻፈቻቸው።